ስዊድን ለገባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፦ ረቂቃችሁን ለጓደኛ ሳይሆን ለቤተ መጻሕፍቱ

«ቴሲሴን (የመመረቂያ ጽሑፌን) የሚያርምልኝ ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ የሚመጣው ማስረከቢያው ሲደርስ ነው። «አብሽር፣ ይደርሳል» እዚህ አይሠራም። የዩኒቨርሲቲያችሁ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ያማክራል፣ ግን በቀጠሮ ነው። በካሮሊንስካ (የስቶክሆልሙ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ) የጽሑፍ ምክሩ እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይሰጣል፤ ሌላ ጋ በሌላ ክፍል ሥር ሊሆን ይችላል፣ በኢሜይል ሲያመላልሷችሁ ቻሉት።

የመምህሩን መመሪያና ሁለት ሦስት ገጽ ረቂቅ ያዙ። ሰማንያ ገጽ ይዞ መሄድ ፒያሳ ኮፒ ቤት ሰጥቶ «ነገ እወስዳለሁ» እንደማለት ነው። ሰዋስው አያርሙላችሁም። የሚያዩት መግቢያው የጥናቱን ክፍተት ማሳየቱን፣ ውጤቱ ውስጥ ትርጓሜ አለመግባቱን፣ ውይይቱ ውጤቱን ከመድገም ማለፉን ነው። ፍለጋ ላይም ጠይቋቸው፦ ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ) ላይ ተመሳሳይ ቃላት በ«ኦር» (OR)፣ የተለያዩ ሐሳቦች በ«ኤንድ» (AND) ይያያዛሉ። የፈለጋችሁበትን ቃልና ቀን መዝግቡ፤ በተለይ ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በሥርዓት ሰብስቦ መገምገም) ለሚሠራ ግዴታ ነው። ማጣቀሻ ለመያዝና ለመደርደር ዞቴሮ የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፤ የሐበሻ ስም ላይ ግን የራስና የአባት ስም ይገለባበጥበታልና በዓይናችሁ እዩት።

ብዙ ሰው የሚጠለፍበት ቀጥሎ ያለው ነው። ተርኒቲንና መሰሎቹ፣ ማለትም ጽሑፍ ከሌላ ጽሑፍ ጋር መመሳሰሉን የሚፈትሹ ፕሮግራሞች፣ የገባላቸውን ጽሑፍ ማከማቻቸው ውስጥ ሊያስቀሩ ይችላሉ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ ጓደኛ «ፐርሰንቱን (የመመሳሰሉን መጠን) ልይልህ» ብሎ ረቂቁን በራሱ አካውንት ያስገባል። እናንተ ዋናውን ስታስገቡ ጽሑፋችሁ ከ«ሌላ ተማሪ ሥራ» ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ ይወጣል። ተጠያቂዎቹም ሁለታችሁ ናችሁ። በቴሌግራም ገንዘብ ተቀብለው «ቼክ» የሚያደርጉት ደግሞ ይብሳሉ፤ ጽሑፉ ማን እጅ እንደሚቀር አይታወቅም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያስረከባችሁትን የራሳችሁን ጥናት ሳይጠቅሱ መገልበጥም ጥፋት ነው። ምንጭ ጠቅሶ፣ ግን ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ መውሰድም እንዲሁ። ጉዳዩ ዲሲፕሊን ቦርድ ከደረሰ እስከ 6 ወር ሊያሳግድ ይችላል፤ የመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ደግሞ ትምህርቱ መራመዱን ያያል። ፐርሰንቱ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ የማጣቀሻ ዝርዝሩ ራሱ ከፍ ያደርገዋል። የት እንደተመሳሰለ ለማንበብ የሚረዳችሁ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው።

ቻትጂፒቲ የሰጣችሁን ማጣቀሻ አንድ በአንድ ክፈቱ፤ የሌለ ጽሑፍ ይፈጥራል። ያልተገኘውን ሰርዙ፣ የተገኘውንም ሳታነቡ አትጥቀሱ።