ማዕዘኑ አልገጥም ያለ አልጋ ልብስ፦ የቁርጥራጭ ጨርቅ ስፌት ችግርና መፍትሄ

የስፌት መኪናው ዘይት ጠጥቷል፣ መርፌው ስል ነው፣ ቦቢኑ በትክክል ገብቷል ብዬ ነው የምጀምረው። ምሳሌዬ ሦስት በሦስት የሚገጣጠመው ባለ ዘጠኝ ካሬ ብሎክ ነው። ኩዊልት፣ ማለትም ከቁርጥራጭ የሚገጣጠም አልጋ ልብስ፣ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ በሱ ነው የሚጀምረው። ጨርቁም ከልብስ ሰፊ ቤት የተረፈ ቁርጥራጭ ነው።

ብሎኮቹ እኩል አይመጡም፣ ማዕዘናቸው አይገናኝም

እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው። ሰው መጀመሪያ መቀሱን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ለስፌት የሚተወው ጠርዝ ላይ ነው።

ሂሳቡን እዩት። 10 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች ቆርጣችሁ፣ 6 ሚሊ እየተዋችሁ ብትሰፉ ብሎኩ 27.6 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። 8 ሚሊ ከተዋችሁ 26.8 ነው። «ሁለት ሚሊ ምን አላት?» ትላላችሁ። በአንድ ረድፍ አራት ጊዜ ትቆረጣለች፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ሁሉንም በ8 ብትሰፉት እንኳ ይገጥማል፤ አልጋ ልብሱ ያንሳል እንጂ። የሚያበላሸው ጠዋት በ6 ሰፍታችሁ፣ ማታ ሲደክማችሁ በ8 መቀጠል ነው። ቪዲዮ ላይ የምታዩት ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ነው። 6 ብላችሁ ያዙት፣ መሃል ላይ ግን አትቀይሩ።

አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር የሰሩትን ይዘው መጡ። ግማሹ ብሎክ ከሌላው ያንሳል። ጨርቁን ጠረጠሩ፣ ካውያውን ጠረጠሩ፣ በመጨረሻ ልጅቷን። ሁለቱም የመኪናውን እግር፣ ጨርቁን ተጭኖ የሚይዘውን ብረት፣ ዳር እየተከተሉ በጥንቃቄ ነበር የሰፉት። ችግሩ መኪናው ሁለት መሆኑ ነው። የአንደኛው እግር ከመርፌው እስከ ዳሩ 6 ሚሊ ነው፣ የሌላኛው 8 ሊሞላ ምንም አልቀረው። ይህን ስነግራቸው ልጅቷ እናቷን ያየችበትን አስተያየት ብታዩ!

ስለዚህ እግሩን አትመኑ። መርፌውን በእጅ ዝቅ አድርጉ፣ ከጫፉ 6 ሚሊ በማስመሪያ ለኩ፣ እዚያ ጋ ብረቱ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ደራርባችሁ ወፈር ካደረጋችሁት ጨርቁ እየተደገፈው ይሄዳል። ከስር ጨርቁን የሚገፋውን ጥርስ እንዳትሸፍኑት! ጨርቁ አልሄድ ሲል «መኪናው ተበላሸ» ተብሎ ጠጋኝ ይጠራል።

ከዚያ ፈትኑት። 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ጎን ለጎን ስፉ፣ ተኩሱ፣ መሃለኛውን ለኩ። 2.8 ከወጣ ቀጥሉ። ከዚያ ከጠበበ ፕላስተሩን ትንሽ ወደ መርፌው አስጠጉ። ጨርቅ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ጥቂት ይበላል፣ ስለዚህ ከ6 ፀጉር ታክል አነስ ያለው ነው ልኩ።

ፈተናውን አልፎ አሁንም እኩል ካልሆነ ወደ አቆራረጡ ሂዱ። ርካሽ የላስቲክ ሜትር ይለጠጣል፤ ከብረት ማስመሪያ ጋር አስተያዩትና ጉዱን እዩ። የካርቶን መቁረጫ ልክም በእርሳስ ሲዞር ሲዞር ማዕዘኑ ይበላል፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። አምስት ጨርቅ ደራርቦ በደነዘ መቀስ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ የታችኛው ሸሽቶበት ሲሰፋ ቢቸገር አይግረመው።

ሰፍታችሁ ጨርሳችሁ ከሆነ ሁሉንም አትተርትሩ። በትንሹ ብሎክ ልክ ሌላውን ከአራቱም ጎን እኩል ከርክሙት፣ በብሎኮቹ መሃል ቀጭን መስመር ጨርቅ አስገቡ። ካሬዎቹ ፊት ለፊት ስለማይነካኩ መዛነፉ አይታይም። ከአንድ ጎን ብቻ እንዳትከረክሙ፤ መሃለኛው ካሬ ወደ ዳር ይሸሻል።

ልኩ እኩል ነው፣ መስቀለኛው ላይ ግን ይዛነፋል

የተኮሳችሁበት አቅጣጫ ነው። የአንደኛውን ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ወደ ግራ፣ የሦስተኛውን ወደ ቀኝ አስተኙ። ረድፎቹን ስታጋጥሙ የስፌቶቹ ሁለት ጉብታዎች ይነካከሱና ይቆማሉ፤ በጣት ይታወቃል። እዚያው ስፒል አድርጉ፣ መርፌው ሳይደርስ አውጡት።

ብሎኩ መሃሉ ያብጣል

ካውያውን እየገፋችሁ ነው። አንሱ፣ አስቀምጡ፣ ተጫኑ፤ አትጎትቱ። ካልሆነ ጨርቁ ሰያፍ ተቆርጧል። ቁርጥራጭ የፋብሪካ ዳር የለውምና የክሩን አቅጣጫ በዓይን ማወቅ ይከብዳል፣ በሁለት እጅ ሳቡት። በጣም የሚለጠጠው ሰያፉ ነው፣ የካሬው ጎን በዚያ አይሁን።

ሲታጠብ ተኮማተረ

አቡጀዲና ፖሊስተር አንድ ላይ ሰፍታችኋል። አንዱ ይሰበሰባል፣ ሌላው አይነቃነቅም። ጥጡን ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ምንነቱ ካልታወቀ ቁርጥራጭ አንድ ክር መዛችሁ አቃጥሉ፦ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጉብታ ይሰራል። በጣታችሁ አትንኩት፣ ያቃጥላል።

ክሩ ይበጠሳል

በእጃችሁ ሳቡት። እንደ ሸረሪት ድር ከተበጠሰ ጣሉት።

ቀለሙ ሄደ

ቀይ ከነጭ ጎን ከመስፋታችሁ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት። ከለቀቀ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ አሁንም ከለቀቀ አውጡት። አልጋ ልብሱ በሙሉ ሮዝ ከሆነ በኋላ ለሚመጣ ሰው መፍትሄ የለኝም።