ጥፋተኛው ፍላሹ ነው፦ ሊኑክስን ፍላሽ ላይ ስትጭኑ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንዱ መሳቢያዬ በፍላሽ ተሞልቷል። ደንበኞች "ይሄ የማይረባ እዚሁ ይቅር" ብለው ጥለዋቸው የሄዱ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ሁሉ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ሊጭኑባቸው ሞክረዋል። ሁሉም አልነሳ ብሏቸዋል። ሁሉም እኔ ጋ ሲመጡ የሚረግሙት ሊኑክስን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ሐሳቡ ግን ጥሩ ነው። ሃርድ ዲስኩ የሞተበት ተማሪ አዲስ እስኪገዛ ከፍላሽ ይሰራል። ላፕቶፕ ከወንድሙ ጋር የሚጋራ ልጅም የወንድሙን ዊንዶውስ ሳይነካ የራሱን ሲስተም በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ሁለት ነገር ግን አታምታቱ። አይኤስኦ ፋይሉን (የሚወርደውን የሲስተሙን ጥቅል) በሩፉስ ወይም በባሌና ኤቸር ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ማስፈር አንድ ስራ ነው። በሱ ስትነሱ የሰራችሁት ነገር ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲስተሙን ራሱን ፍላሽ ላይ መጫን ሌላ ስራ ነው። ይሄኛው ሁለት ፍላሽ ይፈልጋል፤ አንዱ ኢንስቶለሩ የሚነሳበት፣ ሌላው ሲስተሙ የሚሰፍርበት። ሁለተኛው ዩኤስቢ 3 ሆኖ 32 ጊጋ ቢሆን ይመረጣል። 16 ጊጋ ላይም ይገባል፤ ግን ጥቂት አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ቦታ መለመን ትጀምራላችሁ።

ምልክት፦ ኢንስቶለሩ ጭራሽ አይነሳም

ቡት ሜኑ (ኮምፒውተሩ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር) እንዴት እንደሚከፈት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት እንዳልሆነ የሚናገር መልእክት ከወጣ ማሽኑ አርጅቷል። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ ከ17.10 ጀምሮ ለ32 ቢት ዴስክቶፕ ኢንስቶለር አያወጣም። ሌላኛው፣ ዴቢያንም፣ ከ13 ጀምሮ ትቶታል፤ ስለዚህ ዴቢያን 12ን ሞክሩ። ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ከቀረና ኤንቪዲያ ካርድ ካለው በ"ሴፍ ግራፊክስ" ምርጫ አስነሱት። ቬንቶይ (ብዙ አይኤስኦ ከአንድ ፍላሽ የሚያስነሳ ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሴኪዩር ቡት (የማያውቀውን ማስነሻ የሚከለክል ጥበቃ) ሊያግደው ይችላል፤ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ሴቲንግ) ገብታችሁ ሴኪዩር ቡትን ዝጉት።

ቆይ! ከመዝጋታችሁ በፊት። የላፕቶፑ ዲስክ በዊንዶውስ መቆለፊያ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ዊንዶውሱ በሚቀጥለው ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው የሪከቨሪ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ሴቭ ያደረገ ደንበኛ ነበረኝ። ምን ልበለው?

ምልክት፦ መሀል ላይ ይቆማል፣ ወይም ተጭኖ አልቆ በሁለተኛው ቀን አይነሳም

እዚህ ጋ ቁጭ ብለን እናውራ። እኔ ጋ ከሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው።

ምልክቱ ብዙ መልክ አለው። ኢንስቶለሩ ሰባና ሰማንያ በመቶ ደርሶ "የማንበብና የመጻፍ ስህተት" ይላል። ወይም በሰላም ይጨርስና በመጀመሪያው ቀን ይሰራል፤ አፕዴት ስታደርጉ ይሞታል። ወይም ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ "ኢኒትራምኤፍኤስ" የሚል ጽሑፍ ይዞ ይቀራል። ወይም በድንገት ምንም ሴቭ አላደርግም ይላል፤ ሲስተሙ ራሱን ለንባብ ብቻ አድርጎ ቆልፎታል።

መጀመሪያ አንድ ልጅ ይዞልኝ የመጣ ጊዜ እኔም ተሸውጃለሁ። አይኤስኦው ነው ብዬ በራሴ ዳታ ሦስቴ አወረድኩት። ራም ነው ብዬ ራም ቀየርኩ። ቅዳሜና እሁዴን በላው። ሰኞ ጠዋት ያንኑ ሲስተም በራሴ ፍላሽ ላይ ጫንኩት፤ አንዴ እንኳ ሳያስነጥሰው ተነሳ። ያኔ ነው የልጁን ፍላሽ አንስቼ በደንብ ያየሁት። "1 ቴራ" ይላል። በስንት ገዛኸው? "በ600 ብር።" ከየት? "መርካቶ፣ መንገድ ላይ።"

ፌክ ፍላሽ እንዲህ ነው የሚሰራው። ውስጡ ያለው እውነተኛ ቺፕ 8 ወይም 16 ጊጋ ነው። የሚቆጣጠረው ቺፕ ሶፍትዌር ግን ተቀይሮ "እኔ 1 ቴራ ነኝ" ብሎ ለኮምፒውተሩ እንዲዋሽ ተደርጓል። ኮምፒውተሩ ያምነዋል። ከእውነተኛው መጠን በላይ ስትጽፉ ወይ ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ ወይ ዞሮ መጀመሪያ የተጻፈውን ይደርብበታል። ሞዴል 19 እየቆረጠ ዕቃውን ከኋላ በር የሚጥል የንብረት ክፍል በሉት። ደረሰኙ አለ፤ ዕቃው የለም። አንዱን ፈልቅቄ ሳየው ውስጡ የስልክ ሚሞሪ ካርድ በሙጫ ተጣብቆ ነበር።

ልጁ አላመነኝም። "ሃያ ፊልም ገልብጬበታለሁ፣ ሁሉም ይታያል" አለ። የመጨረሻዎቹን አምስቱን ክፈታቸው አልኩት። አንዱም አልተከፈተም። ላም አለኝ በሰማይ።

"ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ሰርተው ሊኑክስ ለምን እምቢ አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ጎበዝ ጥያቄ ነው። ፍላሹ ሲሸጥ የተቀረጸበት ፋት 32 ወይም ኤክስ-ፋት ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሮ በተርታ ይሞላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊጋዎች በሰላም ይቀመጣሉ። ሊኑክስ የሚጠቀመው ኤክስት 4 ግን ዲስኩን በብዙ ክፍሎች ከፋፍሎ ፎልደሮቹን በየክፍሉ ይበትናል። 6 ጊጋ ብቻ ብትጭኑም ግማሹ ጨርሶ በሌለው ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የዲስኩ ክፍፍል ሰንጠረዥም ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ መጀመሪያ ላይ፣ ሌላው የዲስኩ መጨረሻ ላይ። ፌክ ፍላሽ ደግሞ መጨረሻ የለውም። ዲስክ በሚከፋፍለው ፕሮግራም በጂፓርትድ አዲስ ሰንጠረዥ ሰርታችሁለት እንኳ "የመጠባበቂያው ሰንጠረዥ ተበላሽቷል" እያለ ከመለሰ ጨዋታው አልቋል።

መፍትሄው መፈተሽ ነው። ዊንዶውስ ላይ "ኤችቱ ቴስት ደብልዩ" የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ። ፍላሹን እስከ አፉ ይሞላውና መልሶ ያነበዋል። ጊዜ ይወስዳል። በሴኮንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ለመሙላት ብቻ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ሊኑክስ ላይ "ኤፍ 3" አለ። የሱ "ፕሮብ" ሳይሞላ በፍጥነት ይመረምርና እውነተኛውን መጠን ይነግራችኋል። ሩፉስም ባድ ብሎክ (የተበላሸ ቦታ) የሚፈትሽ ምርጫ አለው፤ ያንን ካበራችሁ ፌኩን ያጋልጠዋል። ሩፉስ ፍላሹ ላይ ያለውን ስለሚያጠፋ፣ ሌሎቹም ሊያበላሹት ስለሚችሉ ዳታችሁን አስቀድማችሁ አውጡ። የኤፍ 3ን አማራጮች ሳታነቡም አትጀምሩ። ፎርማት ማድረግ ግን ፈተና አይደለም። ፌክ ፍላሽ ፎርማት ሲደረግ ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ፌክ ሆኖ ከተገኘና ሻጩ ከጠፋ (ይጠፋል) በኤፍ 3 "ፊክስ" እውነተኛውን ቦታ ብቻ የሚይዝ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) መስራት ይቻላል። ያኔ ሐቀኛ ባለ 7 ጊጋ ፍላሽ ይሆናል። ኢንስቶለር ማስነሻ ያደርጋል። ሲስተም ግን አትጫኑበት፤ ቺፑ ራሱ ውዳቂ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ባለ 256 ብለው የገዙትን ይዘው መጥተው ነበር። ሊኑክሱን ትተው ያሳሰባቸው የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ ነበር። ብዙው አልተከፈተም። "ታዲያ ስሙ ለምን ይታያል ልጄ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ስሙ መዝገቡ ላይ ነው ያለው። ፎቶው ነው ያልተቀመጠው።" እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ሪከቨሪ ሶፍትዌር አይመለስም። "እመልሳለሁ" ብሎ ቀብድ የሚቀበላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ፍላሹ እውነተኛ ሆኖ ኢንስቶለሩ የቆመ ከመሰላችሁ ደግሞ የፍላሹን መብራት እዩ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ እየሰራ ነው። ርካሽ ፍላሽ ትናንሽ ፋይሎችን ሲጽፍ ኤሊ ነው። ተዉት፤ ቡናችሁን ጠጡ። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ወይም ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ አትጀምሩ። መሀል ላይ ከጠፋ ጥገና አትሞክሩ፤ ከዜሮ ጫኑት።

ምልክት፦ ፍላሹ ሲነቀል ዊንዶውስ አይነሳም

ይሄኛው ደንበኛን ያስለቅሳል። ሊኑክሱ ፍላሽ ላይ አለ፤ ማስነሻው ግራብ ግን የላፕቶፑ ዲስክ ላይ ሄዶ ተቀምጧል። ፍላሹን ስትነቅሉ ጥቁር ስክሪንና "ግራብ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። የቆየው የኡቡንቱ ኢንስቶለር ይሄ አመል ነበረው፤ ማስነሻውን ፍላሹ ላይ አድርግ ብትሉት እንኳ መጀመሪያ ያገኘው የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (ማስነሻዎች የሚቀመጡበት ክፍል) ላይ ይጥለዋል። ጆሮ ዳባ ልበስ።

አትደንግጡ፣ ዊንዶውሱ አልጠፋም። ቡት ሜኑ ከፍታችሁ "ዊንዶውስ ቡት ማናጀር"ን ምረጡ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ እሱን አንደኛ አድርጉት። ቀጥሎ ሊኑክሱን አስነስታችሁ፣ የፍላሹ የራሱ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን መያያዙን አረጋግጣችሁ፣ ግራብን "ሪሙቫብል" በሚለው አማራጭ እዚያው ላይ እንደገና ጫኑት። ያኔ አብዛኛው ዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ ይነሳል።

ከመጀመሪያው ለመዳን ግን የላፕቶፑን ዲስክ መንቀል ነው። እኔ ሁሌ እነቅላለሁ። አራት አምስት ብሎን ነው። መፍታት ካልፈለጋችሁ ከመጫናችሁ በፊት በጂፓርትድ የውስጡን ኢኤፍአይ ፓርቲሽን "ቡት" እና "ኢኤስፒ" ምልክቶች አንሱ፤ ሲያልቅ መልሱ። መመለሱን እንዳትረሱ።

ዲስክ ስትመርጡ በስሙ አትመኑ፤ ዛሬ "ኤ" የነበረው ነገ "ቢ" ሊሆን ይችላል። በመጠኑ ለዩት። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከተሰካ ንቀሉት። ሌላ ፍላሽ ካለ ንቀሉት። "ዲስኩን በሙሉ አጥፋ" የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት እጃችሁን አንስታችሁ እንደገና አንብቡ። የሰርግ ቪዲዮ የሞላበት ዲስክ ላይ ሊኑክስ ጭኖ የመጣ ሙሽራ አጋጥሞኛል። ሚስቱ ውጭ ታክሲ ውስጥ እየጠበቀችው ነበር። አልነገራትም።

ምልክት፦ አይኤስኦው ራሱ ብልሹ ነው

የዘንድሮ አይኤስኦዎች ብዙ ጊጋ ናቸው፤ ስለዚህ ሰው ከጓደኛው ይገለብጣል። ቴሌግራም ያለ ፕሪሚየም ከ2 ጊጋ በላይ አንድ ፋይል ስለማያስተላልፍ ቆራርጠው የሚልኩትም አሉ። አንድ ቁራጭ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ። የሻ 256 ቁጥሩን (የፋይሉን አሻራ) አውጥታችሁ ከዋናው ድረ ገጽ ቁጥር ጋር አስተያዩት። አንድ ፊደል ከተለየ ጣሉት። ኔትወርካችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ በቶረንት አውርዱ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ራሱ ይፈትሻል፣ ካቆመበትም ይቀጥላል።

ምልክት፦ ዊንዶውስ ፍላሹን "ፎርማት ላድርገው?" ይላል፣ ወይም መጠኑን ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ያሳያል

ፍላሹ አልሞተም። ዊንዶውስ የሊኑክስን ፓርቲሽን ማንበብ ስለማይችል ነው። ሲስተም የጫናችሁበት ከሆነ "ካንስል" በሉ። መልሳችሁ ለዕቃ ማመላለሻ ካሰባችሁት በዊንዶውሱ ዲስክፓርት ፕሮግራም አጽዱት። እዚህም ዲስክ ስትመርጡ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ።

ምልክት፦ ተነስቷል፣ ኢንተርኔት አለ፣ ግን አፕዴትም ድረ ገጽም እምቢ ይላል

አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ብራውዘሩ የድረ ገጹን ሰርተፍኬት አያምንም፤ አፕዴቱም "ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም" ይላል። ባትሪው ሲአር 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ነው፤ ሰዓት ጠጋኝ ጋም ይገኛል። ስትገዙ ጠርዙ ላይ የዛገውን አትቀበሉ፤ ስታስገቡት ፕላስ የሚለው ፊቱ ወደ ላይ ይሁን።