የቮልስዋገን ትራንስፖርተር ቫልቭ እንዴት ይስተካከላል?

እ.ኤ.አ. በ1950 መመረት የጀመረው የድሮው ትራንስፖርተር ሞተሩ ከኋላ ያለ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ 4 ሲሊንደር ነው። ቮልስ የለመደ መካኒክ እዚህ አይቸገርም፤ ሞተሩ በመሠረቱ ያው ነው። ቫልቩ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መታየት አለበት።

ሥራው ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ባደረ ሞተር ላይ ይጀመር። ሞተሩ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ሮከር መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ በትኩሱ የተለካ ቫልቭ ሲቀዘቅዝ ጠብቆ ይገኛል።

ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት)፣ 13 እና 21 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ሁለት አዲስ የቫልቭ ሽፋን ጋስኬት ያዘጋጁ። ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ካንዴላዎቹን ይፍቱ፤ ሞተሩ በቀላሉ ይዞራል። ከሥር ዕቃ አስቀምጡ፣ ዘይት ይንጠባጠባል። ከዚያ የሽፋኑን ሽቦ ወደ ታች ጎትተው ሽፋኑን ያውጡ።

ከመኪናው ኋላ ቆመው ሲያዩ 1 እና 2 ቁጥር ሲሊንደሮች በቀኝ፣ 3 እና 4 በግራ ናቸው፤ 1 እና 3 ወደ መኪናው ፊት የሚቀርቡት ናቸው። በየጎኑ ዳር ያሉት ሁለቱ ቫልቮች ማስወጫ፣ መካከለኞቹ ማስገቢያ ናቸው።

የዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አንስተው፣ በ21 ቁልፍ የጄኔሬተሩን ዳዶ እያዞሩ፣ ውስጡ የሚዞረው ሮተር የዲስትሪቢውተሩ ጠርዝ ላይ ካለው ጭረት ጋር ይግጠም፤ የክራንኩ ፑሊ ምልክትም የሞተሩ ቤት መጋጠሚያ ላይ ይሁን። ይህ የ1 ቁጥር ሲሊንደር ቫልቮች የሚለኩበት ቦታ ነው። ፑሊውን በተቃራኒው በኩል በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ወደ ኋላ (በሰዓት ተቃራኒ) ግማሽ ዙር በመለሱ ቁጥር 2፣ 3፣ 4 በቅደም ተከተል ይመጣሉ።

ለ1500 ሲሲ ሞተር ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ይያዝ። የቆዩት ይለያያሉ፤ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 የሚባልላቸውም አሉና የፋኑ ቤት ላይ የተለጠፈው ወረቀት ካለ እሱን ይመኑ። ጌጁ በክፍተቱ ውስጥ በጥቂቱ እየተያዘ ማለፍ አለበት። የሮከሩ ዳዶ ሲጠብቅ የማስተካከያውን ብሎን ይዞ ይዞራልና፣ ካጠበቁ በኋላ ድጋሚ ይለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ካጠራጠረ ላላ ይሻላል። የላላ ቫልቭ ያንኳኳል እንጂ ቶሎ አይጎዳም፤ የጠበቀ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። የ3 ቁጥር ማስወጫ በተለይ በጥንቃቄ ይታይ፤ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚጋርደው ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። በየጊዜው እየጠበቀ ከተገኘ ቫልቩ እየተለጠጠ ሊሆን ስለሚችል፣ የቫልቩ ራስ ተሰብሮ ፒስተኑን ሳይበሳ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይውረድ።

ጋስኬቱን ከሽፋኑ ጋር ብቻ አጣብቀው ይመልሱ፤ ወደ ቴስታታው ያለውን ገጽ ማጣበቂያ አይንካው። ሞተሩን አስነስተው ከሥር ይመልከቱ፤ የሚያፈስ ዘይት ጭስ ማውጫው ላይ ተቃጥሎ በማሞቂያው በኩል ሽታው ውስጥ ይገባል።