በሴኡል ተማሪ ሆኖ ማምሸት፦ መመለሻን ይዞ መውጣት

በሴኡል የተማሪን ምሽት የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ መጠጡ ወይም የመግቢያው ዋጋ ሳይሆን መመለሻው ነው። የምድር ባቡሩ እኩለ ሌሊት ገደማ ሥራ ያቆምና 05:30 አካባቢ እንደገና ይጀምራል። (ሰዓቱን ሁሉ ስልካችሁ ላይ እንደሚታየው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጽፈነዋል።) ብዙ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ደግሞ ከ01:00 ገደማ እስከ 05:00 በራቸውን ይቆልፋሉ። ዘግይቶ መግባት የቅጣት ነጥብ ያስይዛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ከማደሪያ ያስወጣል። ስለዚህ ገና ሳትወጡ ከሁለት አንዱን ቁረጡ፦ ወይ በመጨረሻው ባቡር መግባት፣ ወይ እስከ መጀመሪያው ባቡር ውጭ ማደር። “ትንሽ እንቆይና እናያለን” ያለ ሰው 01:30 ላይ ባቡሩም አልፎት፣ በሩም ተዘግቶበት፣ ታክሲውም በጣም ተወዶበት መንገድ ላይ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት ካርድና ስልክ

ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ ተማሪ በገባ በ90 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ካርድ ለማውጣት መመዝገብ አለበት። ቀጠሮው የሚያዘው ሃይኮሪያ በሚባለው የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ነው። መጋቢትና መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ቀጠሮው ቶሎ ስለሚሞላ በገባችሁበት ሳምንት ያዙት።

ካርዱ ከወጣ በኋላ ብዙዎቻችንን የሚያሰናክለው ስም ነው። ስማችን ረጅምና ባለ ሦስት ክፍል ስለሆነ ባንኩ ሦስቱንም ሲጽፍ የስልክ ድርጅቱ ሁለቱን ብቻ ይመዘግባል፤ ወይም አንዱ ጋ በስሞቹ መሀል ክፍተት አለ፣ ሌላው ጋ የለም። የኮሪያ መተግበሪያዎች ማንነት የሚያረጋግጡት ስልክ ቁጥራችሁ የተመዘገበበትን ስም ከካርዱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይተው ነው። አንድ ክፍተት ከተለየ አይቀበሉም፤ ምክንያቱንም አይነግሯችሁም። መፍትሔው ካርዱን ይዞ ሲሙ ወደተገዛበት ሱቅ ሄዶ፣ ስሙ በካርዱ ላይ ባለው ቅደም ተከተልና ክፍተት እንደገና እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ይህ ካልተስተካከለ ገንዘብ መላላክም ሆነ የመግቢያ ቲኬት መቁረጥ ያስቸግራል።

ለመንገድ ኔቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ ጫኑ። ጉግል ማፕ ኮሪያ ውስጥ በእግር መንገድ ሲመራ ደካማ ነው፤ ሁለቱ ግን የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ጭምር ያሳያሉ።

አልኮል ለመግዛትም ሆነ መጠጥ ቤት ለመግባት የሚታየው የልደት ቀን ሳይሆን ዓመቱ ነው፦ 19 ዓመት የሚሞላችሁ ዓመት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይፈቀዳል። ለምሳሌ በ2026 የሚፈቀድለት በ2007 ወይም ከዚያ በፊት የተወለደ ነው፤ የሚቆጠረውም ፓስፖርት ላይ ያለው የፈረንጆቹ ዓመት ነው። የካርድ ፎቶ በስልክ ቢያሳዩት አብዛኛው በረኛ ስለማይቀበል ዋናውን ያዙ።

የመመለሻው ስሌት

ለባቡርና ለአውቶቡስ የሚከፈልበት ቲመኒ ካርድ ከማንኛውም ሚኒ ማርኬት ይገዛል፤ ሲዩ፣ ጂኤስ25 ወይም ሰቨን ኢለቨን ይሁን ልዩነት የለውም። የሚሞላው በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ጥቂት የወረቀት ብር ይኑራችሁ። ከጁን 2025 ወዲህ የምድር ባቡር መነሻ ዋጋ 1,550 ዎን ነው። ከአውቶቡስ ስትወርዱም ካርዱን ማንበቢያው ላይ አስነኩ፤ ካላስነካችሁ ቀጣዩ ጉዞ እንደ አዲስ ይታሰባል። ወርዶ ሌላ መሳፈሪያ ለመያዝ ያለው ጊዜ በቀን 30 ደቂቃ ሲሆን ከ21:00 እስከ 07:00 ግን አንድ ሰዓት ነው።

የመጨረሻውን ባቡር ስትይዙ የት ድረስ እንደሚሄድ አንብቡ። ክብ በሚዞረው መስመር 2 ማታ የሚመጡ አንዳንድ ባቡሮች ዙሩን ሳይጨርሱ ሶንግሱ ወይም ሌላ መካከለኛ ጣቢያ ላይ ተሳፋሪውን አውርደው ያበቃሉ። ሰዓቱን ብቻ አይቶ የገባ ሰው የማያውቀው ሰፈር ላይ ይወርዳል።

ባቡሩ ካመለጠ ቁጥራቸው በኤን (N) ፊደል የሚጀምር የሌሊት አውቶቡሶች አሉ፤ ዋጋቸው 2,500 ዎን ነው። ኤን26 ለምሳሌ በሆንግዴ፣ በሺንቾንና በጆንግኖ ሰፈሮች በኩል ያልፋል። በአንዱና በሌላው መሀል ግማሽ ሰዓት ሊያልፍ ስለሚችል መተግበሪያው ላይ መምጫውን አይታችሁ ያላችሁበት ቤት ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ፤ በጥር ብርድ ፌርማታ ላይ መቆም አይቻልም።

የታክሲ መነሻ 4,800 ዎን ነው። ከ22:00 ጀምሮ 20 በመቶ ይጨመራል፣ ከ23:00 እስከ 02:00 ጭማሪው 40 በመቶ ይሆናል፣ ከዚያ እስከ 04:00 ወደ 20 ይመለሳል። ዓርብ ማታ ሆንግዴ ላይ 00:30 ታክሲ ከመለመን አንድ ቦታ ተቀምጦ 02:00 ማሳለፍ ይሻላል፦ ዋጋውም ይቀንሳል፣ መኪናውም ይገኛል። ካካኦ ቲ በሚባለው የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ስትጠሩ ክፍያውን ለሾፌሩ በቀጥታ የሚለውን ምረጡ፤ የባንክ ካርድ ሳታስመዘግቡም ይሠራል።

የት፣ በምን ሁኔታ

ሆንግዴ ሙዚቃ፣ የጎዳና ጭፈራና ክለብ ነው። የሆንጊክ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ መውጫ 9 ቅዳሜ ማታ ደረጃው ላይ ሰው ስለሚተፋፈግ ቀጠሯችሁን ሌላ መውጫ ላይ አድርጉ። ሺንቾንና አናም የተማሪ ሰፈሮች ስለሆኑ ለኪስ ይቀላሉ። ኮንዴ መስመር 2 እና 7 ስለሚገናኙበት ከሁለት አቅጣጫ ለሚመጡ ጓደኞች ይመቻል። ኢቴዎን የውጭ ሰው የሚበዛበት ነው፤ ሐላል ምግብ ለሚፈልግ ደግሞ በማዕከላዊው መስጊድ ዙሪያ ምግብ ቤቶች አሉ።

ኢቴዎን ስንል ኦክቶበር 29 ቀን 2022 በአንዲት ጠባብ ቁልቁለት መንገድ ላይ በደረሰው መጨናነቅ 159 ሰው ማለቁን ሳናነሳ አናልፍም። በሃሎዊንና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ወደ ጠባብ ቁልቁለት አትግቡ። ትከሻችሁ በሁለቱም ጎን ሰው ከነካ ያኔውኑ ተመለሱ፤ እጃችሁን ማንሳት እስኪያቅታችሁ ከጠበቃችሁ መመለስ አይቻልም። ከተያዛችሁ ክንዳችሁን ደረታችሁ ፊት አድርጋችሁ መተንፈሻ ቦታ ጠብቁ፤ እንዳትወድቁም ተጠንቀቁ።

አንዳንድ ክለብ የውጭ ዜጋ አላስገባም ይላል። ያናድዳል፣ ተገቢም አይደለም፤ ሆኖም በር ላይ መከራከር የሚያመጣው ለውጥ ስለሌለ ጎረቤቱ ያለውን ሞክሩ።

ገበታው ላይ

ሶጁ የሚባለው የኮሪያ አረቄ አንዱ ጠርሙስ 360 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሰባት ትንንሽ ብርጭቆ ይሞላል፣ ጥንካሬው 16 በመቶ አካባቢ ነው። ቀላል መስሎ ስለሚጠጣና በመጠጥ ጨዋታው የተሸነፈ የሚቀጣው በመጠጣት ስለሆነ ሰው ሳያውቀው አንድ ጠርሙስ ይጨርሳል። ለታላቅ ስትቀዱም ስትቀበሉም ሁለት እጅ ተጠቀሙ፤ ስትጠጡ ፊታችሁን ከታላቁ ወደ ጎን አዙሩ። ለራስ መቅዳት አልተለመደም።

መጠጣት ለማይፈልግ ሰው ጥሩ ዘዴ አለ፦ ልማዱ ባዶ ብርጭቆ መሙላት እንጂ በሞላ ላይ መጨመር አይደለም። ብርጭቋችሁ እንደሞላ ይቀመጥ፣ ሲጋጭ አብራችሁ አንሱና ከንፈር አስነክታችሁ መልሱት። ወይም ሳይዳ የሚሉትን ነጭ ለስላሳ በሶጁ ብርጭቆ ቅዱ። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ምግብ ሲያዝ “ዶዌጂጎጊ ፔጎ ጁሴዮ” (የአሳማ ሥጋውን አውጡልኝ) ይበል፤ የኪምቺና የቶፉ ወጦች ውስጥ ሳይታይ ስለሚገባ መጠየቁ ግድ ነው።

ምሽቱ በዙር ይሄዳል፦ የመጀመሪያው እራት፣ ሁለተኛው መጠጥ ቤት፣ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ኖሬባንግ፣ ማለትም የካራኦኬ ክፍል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ መሄድ ነውር የለውም፤ ሰዎች የሚቀየሙት ሳይናገሩ ለሚጠፋ ሰው ነው። ሂሳቡን አንዱ ይከፍልና ሌሎቹ ቶስ ወይም ካካኦ ፔይ በሚባሉት የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያዎች ድርሻቸውን ይልካሉ። እናንተ ስትወጡ እስከዚያ ያለውን ድርሻችሁን ጠይቃችሁ ላኩ። ለአስተናጋጅ ጉርሻ (ቲፕ) አይሰጥም። መጠጥ ቤቶች ብዙ ጊዜ አንጁ፣ ማለትም ከመጠጥ ጋር የሚበላ ነገር፣ እንድታዙ ስለሚጠብቁ በጀታችሁን ስትሠሩ እሱን ጨምሩ።

እስከ ማለዳ ማደር

ርካሹ ፒሲ ባንግ፣ ማለትም የኮምፒውተር ጨዋታ ቤት፣ ነው፤ በሰዓት ይከፈላል፣ ኑድልም ይታዘዛል፣ ወንበሩም ወደ ኋላ ይለጠጣል። ጂምጂልባንግ ገላ መታጠቢያና ሞቃት ወለል ያለው መኝታ ስለሆነ ለድካም የተሻለ ነው። ሰክሮ የመጣን ሰው ግን ሊመልሱ ይችላሉ፣ ለሰከረ ሰው ሙቀቱም አደገኛ ነው። በጋ ሲሆን የሀን ወንዝ ዳርቻ፣ በተለይ በመስመር 5 የዮኢናሩ ጣቢያ አጠገብ ያለው መናፈሻ፣ ከማንኛውም ክለብ ይበልጣል ብለን እናምናለን፦ ምንጣፍ፣ በማሽን የሚፈላ ኑድልና ነፋስ።

ቪዛ የሚያሳጡ ነገሮች

ጫት በኮሪያ ሕግ የተከለከለ ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአደንዛዥ ዕፆች ጋር ተመድቧል። ደርቆ በፖስታ ቢላክላችሁም ተጠያቂው ተቀባዩ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰብ እንዳይልክ አስቀድማችሁ ንገሩ። ያለ ኢሚግሬሽን ፈቃድ መሥራትም ያስቀጣል፤ በመጠጥ መዝናኛ ቤቶች ደግሞ ፈቃዱ ጭራሽ አይሰጥም። በኤሌክትሪክ ስኩተር ጠጥቶ መንዳት 100,000 ዎን ያስቀጣል። ጠብ ከተነሳ የመለሰም ሰው እንደ ደብዳቢ ሊመዘገብ ስለሚችል እጃችሁን ሰብስባችሁ ለፖሊስ 112 ደውሉ። ለአምቡላንስ 119 ነው፣ ክፍያ የለውም። ቋንቋ ካስቸገረ የቱሪስት መረጃ ስልኩ 1330 ሌሊቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ያስተረጉማል።

ታክሲ ውስጥ ስልክ ከረሳችሁ ማግኘት አለማግኘታችሁን የከፈላችሁበት መንገድ ይወስናል። በመተግበሪያ ከጠራችሁ የሾፌሩ መረጃ በጉዞ ታሪኩ ውስጥ ስላለ በጓደኛ ስልክ ገብታችሁ ደውሉ። ከመንገድ ይዛችሁ በቲመኒ ወይም በባንክ ካርድ ከከፈላችሁ በክፍያው መዝገብ መኪናውን ማፈላለግ ይቻላል። በጥሬ ገንዘብ ከፍላችሁ ደረሰኝ ካልያዛችሁ ግን ፍለጋው በጣም ስለሚከብድ፣ ማታ ታክሲ ሁልጊዜ በካርድ ክፈሉ።