ጉልበት የማያባክን የውድድር ሮቦት ኃይል ማስተላለፊያ እንዴት ይነደፋል?

በተማሪዎች ውድድር ላይ በግፊያ መካከል የሚደክም ሮቦት ብዙ ጊዜ የሞተር ችግር የለበትም፤ ችግሩ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ዘንድ ሳይደርስ ወደ ሙቀት መለወጡ ነው። ንድፉን ለመጀመር የሮቦቱን ክብደት ከነባትሪው ገምቱ፣ የጎማውን ዲያሜትር ወስኑ። ከሞተሩ መግለጫ ላይም ያለ ጭነት የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ኃይል እየደረሰው መዞር ሲያቅተው የሚያወጣውን ቶርክ (የማዞር ጉልበት) እና የሚስበውን አምፔር መዝግቡ።

ከባዱ ሥራ የማርሽ ምጣኔውን፣ ማለትም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር መምረጥ ነው። 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ጎማና በ4 ሞተሮች የሚነዳ ሮቦት እንውሰድ። እያንዳንዱ ሞተር ያለ ጭነት በደቂቃ 5,300 ዙር ይዞራል፤ ሲታፈን (መዞር ሲያቅተው) ደግሞ 2.4 ኒውተን ሜትር እያወጣ 131 አምፔር ይስባል እንበል። ሮቦቱ በሰከንድ 4 ሜትር እንዲሄድ ጎማው በደቂቃ 764 ዙር ያህል መዞር አለበት። ሞተሩ ጭነት ሲያርፍበት ከነጻ ፍጥነቱ 80 በመቶውን ይይዛል ብለን ካሰላን፣ ምጣኔው 5.5 ለ 1 ይሆናል። ብዙ ቡድኖች ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማሉ።

ያው ሮቦት ተጋጣሚውን ሲገፋ ግን ሌላ ቁጥር ይመጣል። ክብደቱ በሙሉ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ካረፈና በጎማውና በወለሉ መካከል ያለው የሰበቃ (የፍትጊያ) ምጣኔ 1 ከሆነ፣ ጎማዎቹ እስኪንሸራተቱ ድረስ 490 ኒውተን፣ ማለትም በጎማው ራዲየስ (50 ሚሊ ሜትር) ሲባዛ 24.5 ኒውተን ሜትር ይጠይቃሉ። በማርሽና በካቴና 10 በመቶ ይባክናል ብንል፣ የእያንዳንዱ ሞተር ድርሻ 1.2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ወደ 68 አምፔር ያስወጣል፣ ከዚያም ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ሞተሩን ከማሞቅ በቀር ጥቅም የለውም። ሞተሩ ባለ 40 አምፔር ብሬከር (ጅረቱ ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጥ መከላከያ) ካለው፣ ግፊያው በረዘመ ጊዜ ብሬከሩ ይቆርጣል። ምጣኔው 9 ለ 1 ሲሆን ግን ፍላጎቱ ወደ 43 አምፔር ይወርዳል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ ወደ 2.5 ሜትር ይቀንሳል። ሜዳው ጠባብና እንቅፋት የበዛበት ከሆነ እኔ ያለማመንታት ዝቅተኛውን ፍጥነት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ፈጣኑ ሮቦት ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሳይደርስ ፍሬን መያዝ ይኖርበታል።

ሌላው ብክነት መታጠፍ ላይ ነው። አራት የላስቲክ ጎማዎች ያሉት፣ ከወርዱ ይልቅ ርዝመቱ የበዛ ሮቦት ምንጣፍ ላይ ሲዞር ጎማዎቹ ወደ ጎን ስለሚፋተጉ እየዘለለ ይንቀጠቀጣል። ስድስት ጎማ አድርጎ መካከለኞቹን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ ይህን በእጅጉ ያቃልላል። ወደ ጎን የሚያስኬዱት ሜካነም ጎማዎች ለዓይን ይማርካሉ፤ መገፋፋት ለሚበዛበት ጨዋታ ግን አልመክራቸውም።

ሲገጣጠም ዘንጎቹን በሁለቱም ጫፍ በኩሽኔታ አስደግፉ፤ በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ ዘንግ ይጎብጣል፣ ካቴናውንም ያስወልቃል። ካቴናውን ከመጠን በላይ ማጥበቅም እንደ መላላቱ ጎጂ ነው። ከትል ማርሽ (እንደ ብሎን ጥርስ የተጠመዘዘ ዘንግ ጥርሳማ ጎማ ከሚያዞርበት ማርሽ) ራቁ፤ ብዙዎቹ ከሚቀበሉት ኃይል ሰፊውን ክፍል በፍትጊያ ይጨርሳሉ።

በመጨረሻም ሞተሮቹን ፈትታችሁ ጎማዎቹን በእጅ አሽከርክሩ፤ ከለቀቃችሁት በኋላ ጥቂት ሳይዞር ቀጥ የሚል ጎማ የሆነ ቦታ ይታሻል። ሞተሮቹን መልሳችሁ ሮቦቱን ከወለል ከፍ አድርጉና የግራና የቀኙን አምፔር አወዳድሩ። አንዱ ወገን በግልጽ ከበለጠ፣ በዚያ በኩል ያሉትን የኩሽኔታ ማቀፊያ ብሎኖች ኃይሉን እያጠፋችሁ አንድ በአንድ አላልታችሁ እንደገና ለኩ፤ ንባቡ የሚወርደው የተጣመመውን ማቀፊያ ስታላሉ ነው።