በቀውስ ወቅት የባንክን ቅልጥፍናና የብድር ስጋት ሲመዝኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት ወጪ መቀነስን እንደ ቅልጥፍና መቁጠር ነው። ገቢ ሲቀንስ አመራሩ ቶሎ የሚነካው የብድር ክትትልን ነው፤ የተበዳሪውን መጋዘን ሄደው የሚያዩ፣ የሽያጭ መረጃውን ከሂሳቡ እንቅስቃሴ ጋር የሚያመሳክሩና መያዣውን እንደገና የሚያስገምቱ ባለሙያዎች ቁጥር ይቀነሳል። የዚያ ዓመት ወጪ ከገቢው አንጻር ሲሰላ ባንኩ ቀልጣፋ ሆኖ ይታያል። ጉዳቱ የሚገለጠው ግን ያልተመረመሩት ብድሮች መመለስ ሲያቆሙ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቁጠባው የተመዘገበበት ሪፖርት ተዘግቷል። ስለዚህ የአንድን ዓመት ወጪ ብቻውን ከመመዘን ይልቅ በዚያ ዓመት የተሰጡት ብድሮች በቀጣዮቹ ዓመታት እንዴት እንደተመለሱ አያይዞ መመርመር ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ስህተት የብድር መበላሸትን ሁሉ በቀውሱ ማሳበብ ወይም፣ በተቃራኒው፣ ሁሉንም የአመራር ድክመት አድርጎ መፈረጅ ነው። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ በርገርና ደያንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት እንደለዩት ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል፦ ደካማ አመራር ብድር ያበላሻል፤ ከባንኩ ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት የተበላሸ ብድርም በድርድር፣ በክስና በንብረት ሽያጭ ወጪ አስከትሎ ጥሩ ባንክን ቀልጣፋ ያልሆነ ያስመስለዋል። ለመለየት የሚረዳው በአንድ ዘርፍ ለተሰማሩ ተመሳሳይ ተበዳሪዎች ያበደሩ ባንኮችን ጎን ለጎን ማነጻጸር ነው። ቀውሱ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ ባንክ ብድር ብቻ ከተበላሸ መንስኤው በአብዛኛው ከራሱ ዘንድ ይገኛል።

የተበላሹ ብድሮችን ምጣኔ ብቻ አይቶ መደምደምም ያሳስታል። ከ100 ሚሊዮን ብድር ውስጥ 5 ሚሊዮኑ ቢበላሽ ምጣኔው 5 በመቶ ነው፤ ባንኩ ተጨማሪ 25 ሚሊዮን ሲያበድር ከተበላሸው አንዲት ሳንቲም ሳትሰበሰብ ምጣኔው ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። በተለይ አዲሱ ብድር የሚሰጠው ለዚያው ተበዳሪ የቀድሞ ዕዳውን እንዲከፍልበት ከሆነ፣ ተሻሻለ የተባለው ሪፖርት ስጋቱ እያደገ መሆኑን ይሸፍናል።

በታዳጊ ኢኮኖሚ ውስጥ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው የውጭ ምንዛሪ ብድር ነው። ባንኩ በዶላር ተበድሮ በዶላር ስላበደረ ሂሳቡ የተመጣጠነ ይመስለዋል፤ ተበዳሪው ገቢ የሚያገኘው በአገር ውስጥ ገንዘብ መሆኑ ግን ይዘነጋል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1997 ገንዘቧን ባትን በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ስትለቅ አንድ ዶላር በ25 ባት ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥር 1998 ከ50 ባት አለፈ። አንድ ሚሊዮን ዶላር የተበደረ የአገር ውስጥ ነጋዴ፣ ሽያጩ ምንም ሳይጨምር፣ ዕዳው በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነበት ማለት ነው። የምንዛሪ ስጋቱ ከባንኩ አልራቀም፤ የብድር ስጋት ሆኖ ተመለሰ።

በመያዣ ላይ ከልክ በላይ መተማመንም ስህተት ነው። ቤትና መሬት በሰላም ጊዜ በተገመተበት ዋጋ የሚሸጠው ገዢ ሲኖር ነው፤ ባንኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለጨረታ ሲያወጡ ዋጋው ይወድቃል።

በመጨረሻም የእፎይታ ጊዜ የተሰጠውን ብድር ጤነኛ አድርጎ መያዝ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በብዙ አገሮች ክፍያ ሲራዘም የመክፈያ ቀናቸው ስለተራዘመ ብቻ ያልዘገዩ የሚመስሉ ብድሮች በርክተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ (IFRS 9) ባንኮች ኪሳራው እስኪደርስ ሳይጠብቁ ለሚጠበቀው ኪሳራ መጠባበቂያ እንዲይዙ የሚያስገድደው ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ጭምር ነው። የእፎይታው ጊዜ ከማለቁ በፊት የተበዳሪውን ወርሃዊ የገንዘብ ፍሰት መጠየቅ፣ መክፈል የማይችለውንም ያኔውኑ ለይቶ መጠባበቂያ መያዝ ያስፈልጋል።