«አብሽር» የማይሠራበት ዳገት፦ ሳር በትራክተር ሲያጭዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ሜዳ ግቢ ማግኘት ከባድ ነው። ከተማው ጦሳ ተራራ ሥር ነው የተቆረቆረው፤ አንዱ ሰፈር የሌላው አናት ላይ ነው። ኮምቦልቻ ወረድ ሲባል ትንሽ ይደላደላል። እዚያም ቢሆን ሰፊ ግቢ ያለው ፋብሪካ፣ ኮሌጅ ወይም ሆቴል በአንዱ ጎኑ ተዳፋት አያጣም። ተቀምጠው የሚነዱትን የሳር ማጨጃ ትራክተር የሚገዙትም እንዲህ ያሉ ግቢዎች ናቸው። ማሽኑ ሜዳ ላይ ጌታ ነው። ዳገት ላይ ግን ሌላ ጠባይ ያወጣል።

የወሎ ሰው ዳገት አያውቅም ማለት አይቻልም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት በጭነት መኪና የሚወጣና የሚወርድ ሹፌር አለን። ገደል አፋፍ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለን። ችግሩ ያ ሁሉ እውቀት ለመኪናና ለበሬ መሆኑ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ካለማወቅ የሚመጡ አይደሉም። ሌላ ቦታ ትክክል የሆነ ልማድ እዚህ ማሽን ላይ ሲወጣ የሚፈጠሩ ናቸው።

ዳገቱን በዓይን መገመት

ደሴ ያደገ ሰው ዳገት አይታየውም። ሌላው «ገደል» የሚለውን እኛ «ትንሽ ዘመም ያለ» እንለዋለን። «አብሽር፣ ይወጣዋል» ይባልና ሞተሩ ይነሳል።

ብዙዎቹ አምራቾች ለእነዚህ ትራክተሮች የሚፈቅዱት ተዳፋት ቢበዛ 15 ዲግሪ ነው። አንዳንዶቹ 10 ላይ ያቆማሉ። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል።

ለመለካት አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ፣ ውሃ ልክና ሜትር ይበቃል። የጣውላውን አንዱን ጫፍ ዳገቱ ላይ አሳርፉ። ሌላኛውን ወደ ቁልቁለቱ ዘርግታችሁ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ያዙት። ከዚያ በአየር ላይ ካለው ጫፍ ቀጥታ እስከ መሬት ለኩ። 27 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 15 ዲግሪ ላይ ናችሁ። 18 ገደማ ከሆነ 10 ዲግሪ ነው። ከ27 ካለፈ፣ መመሪያችሁ 10 ዲግሪ የሚል ከሆነ ደግሞ ከ18 ካለፈ፣ ትራክተሩ እዚያ ሥራ የለውም። ደህናውን ቦታ ለክታችሁ እንዳትሸወዱ፤ ክፉውን ፈልጉ።

ሌላም ፈተና አለ። ምላጩን አጥፍታችሁ ከታች ጀምሮ ወደ ኋላ ቀጥ ብላችሁ ለመውጣት ሞክሩ። ማሽኑ ካልወጣ፣ ወይም እናንተ ከፈራችሁ፣ ያን ቦታ ተዉት። እዚህ ላይ ፍርሃት ነውር አይደለም።

አግድም መንዳት

ይህ ትልቁ ስህተት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሚሳሳተው ሰው በልበ ሙሉነት ነው የሚሳሳተው።

ገበሬ ዳገት የሚያርሰው አግድም ነው። ልክ ነው፤ ትልሙ ቁልቁል ከወረደ ጎርፍ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። በእጅ የሚገፋውም ትንሽ ማጨጃ አግድም ነው የሚነዳው። ሰውየው ቢያዳልጠው ማሽኑ እላዩ ላይ አይመጣም። ተቀምጠው የሚነዱት ትራክተር ግን ተቃራኒው ነው፦ ቀጥ ብሎ መውጣት፣ ቀጥ ብሎ መውረድ።

ለምን? ትራክተሩ ራሱ 200 ኪሎ ገደማ ነው። እናንተ 70 ኪሎ ብትሆኑ ከጠቅላላው ክብደት ሩብ ያህሉ አናቱ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። የግራና የቀኙ ጎማ ርቀት ደግሞ ጠባብ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር እንበል። 15 ዲግሪ ተዳፋት ላይ አግድም ስትሄዱ የታችኛው ጎማ 7 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ገባ። በዚያው ቅጽበት የላይኛው ጎማ 7 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ላይ ወጣ። በአንድ ጊዜ 10 ዲግሪ ገደማ ተጨመረ፤ አሁን 25 ላይ ናችሁ። ሳሩ ረጅም ስለሆነ ጉድጓዱንም ድንጋዩንም አላያችሁም።

ስለዚህ ከማጨድ በፊት በእግር መሄድ የግድ ነው። ድንጋይ ይለቀማል፤ ጉድጓድ ላይ እንጨት ይተከላል። ድንጋዩን መልቀም ለሌላም ነገር ይጠቅማል። የምላጩ ጫፍ የሚሽከረከረው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ከእናንተ ግቢ በታች ሁልጊዜ የሰው ግቢ ወይም የሰው መንገድ አለ።

መዞር ካለባችሁ ከላይም ከታችም ደልዳላው ላይ ዙሩ። ዳገቱ መሀል መዞር የግድ ከሆነ ቀስ ብላችሁ፣ ወደ ቁልቁለቱ፣ ሰፊ አድርጋችሁ ዙሩ። በሁለት ዘንግ የሚነዱትና ባሉበት የሚሽከረከሩት ማሽኖች ደግሞ ይብሳሉ። የፊት ጎማቸው መሪ የለውም፤ የኋላው ካዳለጠ ማሽኑን የሚመራው ነገር የለም።

ፍሬንን እንደ መኪና ፍሬን ማመን

የመኪና ፍሬን አራቱንም ጎማ ይይዛል። የእነዚህ ትራክተሮች ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው። ሞተሩም የሚገፋው የኋላውን ነው። ቁልቁል ስትወርዱ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ይቀላል። ፍሬን የሚሠራው የቀለለው ጎማ ላይ ነው ማለት ነው። ሳር ላይ ደግሞ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል። የተቆለፈ የኋላ ጎማ ቀጥ ብሎ አይንሸራተትም፤ ዞሮ ይቀድማል። ትራክተሩ በጎኑ ዞረ ማለት ደግሞ አግድም ቆመ ማለት ነው። ከዚያ የሚቀረው መገልበጥ ነው።

መድኃኒቱን ሹፌሮቻችን ያውቁታል። ሐረጎን በከባድ ማርሽ ነው የሚወርዱት፤ በፎሌ የሚወርድ ሰው የራሱ ጠላት ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። ዝቅተኛውን ማርሽ ከላይ፣ ደልዳላው ላይ ሳላችሁ አስገቡ። መሀል ላይ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሽ አትቀይሩ። በፔዳል ብቻ የሚሄዱት ማሽኖች ደግሞ በእጅ ለመግፋት የሚፈታ ዘንግ አላቸው። ጠዋት ከጋራዥ ገፍቶ አውጥቶ ዘንጉን ሳይመልስ የሚነሳ ሰው አለ። እሱ በፎሌ እየወረደ ነው፤ ግን አያውቅም።

መንሸራተት ከጀመራችሁስ? ምላጩን አጥፉ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ፍሬኑን አትጨቁኑት፤ ጎማው መሽከርከር አለበት። ቀስ ብላችሁ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ።

እርጥብ ሳር ላይ መውጣት

ሳሩ የሚያድገው ዳገቱ በሚከፋበት ወቅት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ። በበልግም ትንሽ ይኸው ነው። አለቃ ደግሞ ግቢው ረዘመ ብሎ ይነጫነጫል። ቢሆንም እርጥብ ሳር ላይ በትራክተር ዳገት አይወጣም፤ በቃ። በጥቅምት ጠዋት ያለው ጤዛም ያው ነው፤ ፀሐይ እስኪያደርቀው ጠብቁ። ሳሩ ደርቆ መሬቱ ግን ገና ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ዋልካ ከሆነ። ተረከዛችሁን ጫን አድርጉት። ከሰመጠ ነገ ተመለሱ።

ጠርዝ ድረስ ማጨድ

እርከን፣ የድጋፍ ግንብ፣ የጎርፍ ቦይ፤ ዳገታማ ግቢ ያለ እነዚህ አይቆምም። ጠርዙ ላይ ያለው አፈር ከዝናብ በኋላ ከላይ ጠንካራ መስሎ ከሥሩ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ የማሽኑን ወርድ ሁለት እጥፍ ርቃችሁ አጭዱ። የቀረውን በማጭድ።

የደሴን ከፍታ መርሳት

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ስለዚህ 20 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ ማሽን እዚህ 15 ያህል ነው። ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ይሻላል።

ዳገት ላይ ይህ ምን ያመጣል? ሞተሩ ምላጩንም ጎማውንም መሸከም አቅቶት መሀል ላይ ይጠፋል። ነጂው ይደነግጣል። አስነስቶ ፍሪሲዮኑን በድንገት ይለቃል። የፊት ጎማው ይነሳል፤ ትራክተሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ረጅም ሳር ካለ ምላጩን ከፍ አድርጋችሁ በሁለት ዙር አጭዱ። መሀል ላይ ከጠፋባችሁ ፍሬን ያዙ፣ ምላጩን አጥፉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቀጥ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ውረዱ። ወደ ላይ ልግፋ ብላችሁ አትታገሉ፤ ለመዞርም አትሞክሩ።

የመቀመጫውን ስዊች ማገናኘት

ከመቀመጫው ስትነሱ ምላጩን ወይም ሞተሩን የሚያጠፋ ስዊች አለ። ሲበላሽ ሽቦውን አገናኝቶ «ተሠራ» ማለት የተለመደ ነው። ሜዳ ላይም አደገኛ ነው። ዳገት ላይ ግን የወደቀን ሰው ከሚሽከረከር ምላጭ የሚለየው እሱ ብቻ ነው። አስቀይሩት።

ቀበቶም ነገር አለ። ከመቀመጫው ጀርባ የቆመ የመገልበጥ መከላከያ ብረት ካለ ቀበቶ ይታሰራል። ብረቱ ከሌለ ወይም ከታጠፈ ቀበቶ አይታሰርም፤ ማሽኑ ሲገለበጥ ከሥሩ ያስቀራችኋል። የቤት ማጨጃ ትራክተሮች ብዙዎቹ ብረቱ የላቸውም።

ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ መንዳትን አላብራራም። አይደረግም። ከኋላ የተንጠለጠለ የሳር ማጠራቀሚያም ዳገት ላይ ሞልቶ አይወጣም፤ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ሁሉንም በትራክተር ለመጨረስ መፈለግ

ማሽን ተገዛ ማለት ማጭድ ተጣለ ማለት አይደለም። ከ15 ዲግሪ በላይ ያለው ክፍል የሌላ ሥራ ነው። በትከሻ የሚያዘው ሞተር ማጨጃ ጥሩ ነው። የዓይን መከላከያና ጠንካራ ጫማ ይኑር፤ ሌላ ሰው 15 ሜትር ይራቅ። በማጭድ ማሳጨድም ርካሽ ነው፤ በተለይ ሳሩን ለከብቱ የሚፈልግ ጎረቤት ካለ። ግማሹ ያለ ክፍያም ይመጣል። በግ ማሰርም ይቻላል፤ ግን ካስማውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። አንድ ቦታ ከቆየ ሥሩን ነቅሎ መሬቱን ራቁት ያስቀራል።

በየትኛውም መንገድ ቢታጨድ ዳገት ላይ ሳር አይላጭም። 8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ተዉለት፤ አፈሩን የያዘው እሱ ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ በሚመታው መስመር ደግሞ ቬቲቨር የሚባለውን ሥሩ ጥልቅ የሆነ ሳር ትከሉ፤ እሱን በዓመት አንዴ ሁለቴ በማጭድ ማስተካከል ይበቃል።